ቪፒኤኑ «ተገናኝቷል» እያለ ፋይሉም ሲስተሙም የማይከፈተው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ከቤት ሆኜ የምሠራው በመሥሪያ ቤታችን ቪፒኤን፣ ማለትም ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ጋር በሚያገናኘኝ የተመሰጠረ መስመር ነው። ፕሮግራሙ ‹ተገናኝቷል› ይለኛል፤ የጋራ ፎልደሩ ግን ጨርሶ አይከፈትም። የሂሳብ ሲስተሙ የመግቢያ ገጹን ያሳየኛል፤ የይለፍ ቃሌን ሳስገባ ግን እየዞረ ይቀራል። ትንሽ ሌላ ነገር ስሠራ ቆይቼ ስመለስ ደግሞ መስመሩ ተቋርጦ አገኘዋለሁ። የኢንተርኔት ፍጥነቴን ለካሁት፤ ጥሩ ነው። በስልኬ ሆትስፖት ስሞክር ሁሉም ይሠራል። የአይቲ ክፍላችን ‹በእኛ በኩል ችግር የለም› አለኝ። አንድ ባልደረባዬ ፋየርዎሉን አጥፍቼ ነፃ ቪፒኤን እንድጨምርበት መከረኝ። ችግሩ የማን ነው? ምንስ ላድርግ?»

ምላሽ፦

ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚከለክለውን መከላከያ) አያጥፉ፤ ነፃውን ቪፒኤንም አይጫኑት። ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ። አስቀድመን ግን ከጻፉት ውስጥ ዋናውን እንያዝ። በአንድ መስመር ብቻ ቢጠቅሱትም፣ የመልሱ ቁልፍ ያለው ሆትስፖቱ ላይ ነው። በሆትስፖት ሲገናኙ ላፕቶፑ ያው ነው፤ የቪፒኤን ፕሮግራሙ፣ የተጠቃሚ ስምዎ፣ የይለፍ ቃልዎ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨርም ያው ናቸው። የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን ፎርማት ማድረግ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ወይም የይለፍ ቃል መቀየር ጊዜ ማባከን ነው። ችግሩ ያለው የቤትዎ ኔትወርክ ውስጥ፣ አለዚያም የቤትዎና የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ይህ ግን ጥፋቱ የእርስዎ ነው ማለት አይደለም። የአይቲ ክፍሉም «ችግር የለም» ሲል እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ ሰርቨሩ እየሠራ ነው፣ ሌሎች ሠራተኞችም እየገቡ ነው። በየራሳቸው ደህና የሆኑ ሁለት ኔትወርኮች ሲገናኙ ላይስማሙ ይችላሉ። ከዘረዘሯቸው ችግሮች አንዱን ምናልባት ቤትዎ ሆነው በራስዎ ይፈቱታል፤ ሌላው ግን አይቲ ክፍሉ ካልነካው በቀር ዘላቂ መፍትሔ አያገኝም። ሦስቱንም እንደ አንድ ችግር ማየትዎን መተው አለብዎት፤ አንድ ቀን የመጡ ቢመስሉም የየራሳቸው ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል።

በመጀመሪያ «ተገናኝቷል» የሚለው ቃል የሚነግረን ጥቂት ነገር ብቻ መሆኑን ይረዱ። ላፕቶፕዎ የመሥሪያ ቤቱን የቪፒኤን መግቢያ አግኝቷል፤ ማንነትዎ ታውቋል፤ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ሁሉ የሚመሰጠርበት ቁልፍ ተለዋውጠዋል፤ ላፕቶፑም ከዋይፋዩ ሌላ አንድ ምናባዊ የኔትወርክ ካርድና የውስጥ አድራሻ ተሰጥቶታል። በቃ። ላፕቶፑ ወደ ፋይል ሰርቨሩ የሚሄደውን ዳታ በዚያ መስመር መላክ እንዳለበት ማወቁ፣ የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ መለወጥ መቻሉ፣ ትልልቅ ፓኬቶች (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ቁራጮች) ማለፋቸው፣ እርስዎም ፎልደሩን ለመክፈት ፈቃድ ያለዎት መሆኑ አራት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ማንኛቸውም ሊበላሹ ይችላሉ፤ ምልክቱ ግን አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል።

የፍጥነት ልኬቱም እንዳሰቡት ማስረጃ አይሆንም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በቪፒኤኑ የሚያሳልፉት ወደ ውስጥ ሰርቨሮች የሚሄደውን ዳታ ብቻ ነው፤ ሌላው ከቤት በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል። እንዲህ ከሆነ የለኩት የቤትዎን ኢንተርኔት እንጂ ቪፒኤኑን አይደለም። ደግሞም ከመሥሪያ ቤት ፋይል ሲያወርዱ የሚወስነው የእርስዎ የማውረድ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ መስመር የመላክ አቅምም ነው። እሱን ደግሞ ከቤት ገብቶ የሚሠራው ሠራተኛ ሁሉ ይጋራዋል።

አሁን ወደ ፎልደሩ እንሂድ። በቤት ውስጥ ኔትወርክ የምንጠቀምባቸው አድራሻዎች ለግል ኔትወርክ ከተመደቡ ሦስት ክልሎች የሚወሰዱ ናቸው፤ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ በ192.168 የሚጀምሩት። ማንም ሰው ሳያስፈቅድ ይጠቀምባቸዋል፤ ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች አንድ ዓይነት አድራሻ አላቸው። አብዛኛው የቤት ራውተር ከካርቶኑ ሲወጣ 192.168.0 ወይም 192.168.1 ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ የዘረጋው ሰውም እንዳለ ትቶት ከሆነ ግጭቱ ያን ቀን ተጀምሯል። የፋይል ሰርቨሩ አድራሻ 192.168.1.20 ነው እንበል፤ የቤትዎ ዋይፋይ ደግሞ ለላፕቶፑ 192.168.1.7 ሰጥቶታል። ላፕቶፑ ቁጥሩን አይቶ ሰርቨሩ እዚሁ ቤት ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ወደ ቪፒኤኑ መላኩን ትቶ ቤት ውስጥ ይፈልገዋል፤ አያገኘውም፤ ጠብቆ ጠብቆ ይተዋል። የስልክ ሆትስፖት የሚሰጠው ክልል አብዛኛውን ጊዜ የተለየ ነው፤ ለምሳሌ አይፎን በ172.20.10 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣል። ግጭቱ ይጠፋና ፎልደሩ ይከፈታል።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቪፒኤኑን አጥፍተው በላፕቶፑ የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የተሰጠዎትን አይፒ አድራሻ ይጻፉ። የአይቲ ክፍሉን የፋይል ሰርቨሩን አድራሻ ይጠይቁ። በነጥብ ከተለዩት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ (ለምሳሌ 192.168.1) ከተመሳሰሉ ተጠርጣሪው ተይዟል ማለት ነው። መፍትሔው የቤትዎን ክልል መለወጥ ነው። የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብተው «ላን» ወይም «ዲኤችሲፒ» በሚለው ክፍል የራውተሩን አድራሻ ብዙ ሰው ወደማይጠቀምበት ቁጥር፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.187.1፣ ይለውጡት። ለውጡን ሲያስቀምጡ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ይቋረጣል፤ ከዚያ በአዲስ አድራሻ ይመለሳል። ቋሚ አድራሻ የተሰጠው ፕሪንተር ወይም ካሜራ ካለ ግን በእጅ ማስተካከል ይኖርብዎታል። ራውተሩ የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ አይንኩት። መሥሪያ ቤቱ የራሱን ኔትወርክ እንዲቀይር መጠየቅም ይቻላል፤ እንዲያውም ትክክለኛው ሥራ እሱ ነበር። ነገር ግን በመቶ የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን አድራሻ መቀየር በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ሥራ ስላልሆነ ያንን አይጠብቁ።

ቁጥሮቹ ካልተመሳሰሉ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዲኤንኤስ ነው፤ ማለትም ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት። የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ስሞች የሚያውቀው የመሥሪያ ቤቱ ዲኤንኤስ ብቻ ነው። ፎልደሩን በስሙ ሳይሆን በአድራሻው ለመክፈት ይሞክሩ። በአድራሻ ተከፍቶ በስም እምቢ ካለ ላፕቶፑ የሚጠይቀው የቤቱን ዲኤንኤስ ነው ማለት ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አንድ ሰው «ኢንተርኔት ያፈጥናል» ተብሎ ዲኤንኤሱን በእጅ ሞልቶት ሲረሳው ነው፤ ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት። ብሮውዘሮች ደግሞ የራሳቸው የተመሰጠረ ዲኤንኤስ ስላላቸው የኮምፒውተሩን ሴቲንግ አልፈው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ያ ድረ ገጹን እንጂ ፎልደሩን አይነካም። በአድራሻ ሲከፍቱ የይለፍ ቃል እንደገና ቢጠይቅዎ አይደንግጡ። ግን በአድራሻ መክፈትን ለሙከራ እንጂ ለዘወትር አይጠቀሙበት፤ ሰርቨሩ ቦታ የቀየረ ዕለት እንደገና ይጠፋብዎታል።

የሂሳብ ሲስተሙ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ ረዘም አድርጌ የማብራራውም ብዙ ጊዜ በስህተት «የሲስተሙ ችግር ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ነው። የመግቢያ ገጹ መምጣቱ ብዙ ይነግረናል። መንገዱ ክፍት ነው፤ ስሙም ተተርጉሟል። ከገቡ በኋላ መቅረቱ ግን ትንሹ ዳታ እያለፈ ትልቁ እንደማያልፍ ያመለክታል።

ኔትወርክ ላይ አንድ ፓኬት ሊኖረው የሚችል ትልቁ መጠን ኤምቲዩ ይባላል፤ በተለመደው ኤተርኔት 1500 ባይት ነው። ብዙ የቤት መስመሮች የሚጠቀሙበት ፒፒፒኦኢ የተባለው የግንኙነት ስልት 8 ባይት ይወስድና 1492 ይቀራል። ቪፒኤኑ ደግሞ እያንዳንዱን ፓኬት መስጥሮ በሌላ ፓኬት ውስጥ ይከተዋል። ደብዳቤን በፖስታ፣ ፖስታውንም በሌላ ፖስታ እየከተቱ በጠባብ ቀዳዳ ለማስገባት እንደመሞከር ነው፤ ደብዳቤው ሳይወፍር የተደራረበው ፖስታ አላሳልፍ ይላል። ዋየርጋርድ በተባለው ቪፒኤን ይህ ጭማሪ 60 ባይት፣ በአይፒ ስሪት 6 (በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት) ላይ ደግሞ 80 ባይት ነው፤ 1420 መደበኛ መጠኑ የሆነውም በዚህ ነው። አይፒሴክ በተባለው ሌላ የቪፒኤን ዓይነት ጭማሪው እንደ ተመረጠው የምስጠራ ዓይነት ይለያያል።

ፓኬቱ ሲተልቅ መንገድ ላይ ያለው ራውተር «አልፎ አይሄድም፤ አሳንሰህ ላክ» የሚል መልእክት መመለስ ነበረበት። መልእክቱ የሚመጣው አይሲኤምፒ በተባለው ፕሮቶኮል ነው። ችግሩ፣ ብዙ የፋየርዎል አዘጋጆች «ለጥንቃቄ» ብለው አይሲኤምፒን በጅምላ ይዘጉታል። ያኔ ላኪው ምንም ሳይሰማ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፤ ፓኬቱ ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል፤ እርስዎ ዘንድ የሚታየው የሚዞር ክብ ብቻ ነው። የስህተት መልእክት የለም፤ የአይቲ ክፍሉ ሎግ (የክስተት መዝገብ) ላይም ምንም አይታይም። «በእኛ በኩል ችግር የለም» የተባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

የሚፈተሸው በፒንግ፣ ማለትም ሰርቨሩ መልስ ይሰጥ እንደሆነ በሚሞክር ትንሽ ትእዛዝ ነው። ቪፒኤኑ እንደተገናኘ መጀመሪያ ወደ ሂሳብ ሰርቨሩ ተራ ፒንግ ይላኩ፤ ለፒንግ ጨርሶ እንዳይመልሱ የተዘጋጁ ሰርቨሮች ስላሉ ይህን ሳያረጋግጡ የሚመጣው ውጤት ያሳስታል። ከመለሰ «አይከፋፈል» የሚለውን ምርጫ ጨምረው በ1372 ባይት ይላኩ። በፒንጉ ላይ 28 ባይት የራስጌ መረጃ ስለሚታከል ጠቅላላው 1400 ይሆናል። እምቢ ካለ እስኪያልፍ ድረስ በ20 በ20 እየቀነሱ ይሞክሩ። እዚህ ላይ የእምቢታው ዓይነት ወሳኝ ነው። «ፓኬቱ መከፋፈል አለበት» የሚል መልስ ወዲያው ከመጣ የመጠኑ ወሰን ታውቋል፤ ማሽኖቹ እየተነጋገሩ ነው፤ ያ ጤናማ ነው። መልስ ሳይመጣ ጊዜው የሚያልቅ ከሆነና ትንሹ ፒንግ ግን የሚያልፍ ከሆነ ከላይ ያልኩት የትልቁ ፓኬት ድምፅ ሳያሰማ መጥፋት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ የቪፒኤኑን ካርድ ኤምቲዩ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ለሙከራ 1300 ይበቃል። ከ1280 በታች አይውረዱ፤ አይፒ ስሪት 6 ከዚያ ባነሰ አይሠራም። ሁለተኛውና የምመርጠው፣ አይቲ ክፍሉ በቪፒኤን መግቢያው ላይ ኤምኤስኤስ የተባለውን መጠን እንዲወስን ማድረግ ነው። ኤምኤስኤስ ሁለቱ ወገኖች ግንኙነት ሲጀምሩ «ከዚህ የሚበልጥ አትላክልኝ» የሚባባሉበት ቁጥር ነው፤ መግቢያው ላይ ቢስተካከል የእርስዎን ብቻ ሳይሆን በተመሳሳይ መስመር የሚሠሩትን ሁሉ ይፈታል። የላፕቶፑ ባለቤት መሥሪያ ቤቱ ከሆነ አንደኛውንም ቢሆን ራስዎ አያድርጉት፤ ያስደርጉት።

ሦስተኛው፣ ዝም ብለው ሲቆዩ የሚቋረጠው፣ በአብዛኛው የራውተር መርሳት ነው። የቤት ራውተር ከውስጥ የወጣ ግንኙነት ሁሉ የማን እንደሆነ በሰንጠረዥ ይይዛል። ብዙ ቪፒኤኖች የሚጠቀሙበት ዩዲፒ የተባለው የዳታ አላላክ ስልት ግን «አበቃሁ» የሚል ምልክት ስለሌለው ራውተሩ ጥቂት ጸጥታ ሲያይ መዝገቡን ይሰርዘዋል። የኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎች ከ2 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ እንዲይዘው ይመክራሉ፤ በ30 ሰከንድ የሚረሱ ራውተሮች ግን አሉ። ከዚያ በኋላ ከመሥሪያ ቤት የሚመጣው መልስ በር ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ ሥራ ባይኖርም በየጥቂቱ ባዶ ምልክት መላክ ነው፤ ዋየርጋርድ ላይ ለዚህ የሚመከረው 25 ሰከንድ ነው። ሌሎቹም ተመሳሳይ ሴቲንግ አላቸው።

ከዚያ በፊት ግን ሰዓት ይያዙ። መቋረጡ ሁልጊዜ በእኩል ጊዜ፣ ለምሳሌ ልክ በ15ኛው ወይም በ30ኛው ደቂቃ ከሆነ ራውተሩን አይክሰሱ፤ መሥሪያ ቤቱ ለደኅንነት ሲል ያስቀመጠው ገደብ ነው። እሱን ማውዝ በሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ለማለፍ አይሞክሩ፤ ገደቡ የተቀመጠው ክፍት የተተወ ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤቱ ክፍት በር ስለሚሆን ነው። ጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ይሞክሩ። በኬብል ካልተቋረጠ ችግሩ ዋይፋዩ ወይም የላፕቶፑ ኃይል ቆጣቢ ሴቲንግ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ትልቅ ፋይል ከፎልደሩ ላይ በቀጥታ ሲከፍቱ ዝግ ማለቱ አይቀርም። ፎልደር መክፈት ከሰርቨሩ ጋር ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። አንድ ምልልስ 100 ሚሊሰከንድ ቢወስድና 500 ምልልስ ቢያስፈልግ 50 ሰከንድ ይሄዳል፤ የፈለገውን ያህል ፈጣን ኢንተርኔት ቢገዙ ይህ አይቀንስም። ፋይሉን ወደ ላፕቶፕ ቀድተው መሥራት ይቻላል፤ ሲመልሱት ግን ባልደረባዎ መሀል ላይ የሠራውን እንዳይደመስሱበት ይጠንቀቁ። በፋይል ላይ የተመሠረተ የሂሳብ ፕሮግራም ከሆነ በቪፒኤን ላይ በቀጥታ ፈጽሞ አይክፈቱት። መስመሩ እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ መሥሪያ ቤት ያለውን ኮምፒውተር ከፍተው እዚያው ይሥሩ። የቪፒኤን ፕሮግራሙ ዩዲፒና ቲሲፒ (ሌላውን የዳታ አላላክ ስልት) ካስመረጠዎት ደግሞ ዩዲፒን ይምረጡ፤ ቲሲፒ ኔትወርኩ ዩዲፒን ሲዘጋ ብቻ የሚወሰድ አማራጭ ነው።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ምክር። ቪፒኤኑ መገናኘት ችሏል፤ ፋየርዎሉ ከልክሎት ቢሆን እዚያም አይደርስም ነበር። በዚያው ላፕቶፕ፣ ያው ፋየርዎል እንደበራ፣ በሆትስፖት ይሠራል። ስለዚህ ማጥፋቱ አይጠቅምም። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ቪፒኤን ሲገናኝ ላፕቶፕዎ የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ አካል ይሆናል፤ ላፕቶፑ ላይ የገባ ቫይረስ በተመሰጠረው መስመር ሊሻገር ይችላል። ነፃ ቪፒኤን መጨመርም ሁለት ፕሮግራሞች «ዳታው በእኔ በኩል ይለፍ» ብለው እንዲሻሙ ያደርጋል፤ የፓኬቱን ጭማሪ ያባብሳል፤ የኢንተርኔት ዳታዎንም በማያውቁት ሰው እጅ ያሳልፋል። አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ደኅንነትን በእጥፍ አያሳድግም።

የይለፍ ቃልዎንም «ሞክርልኝ» ብለው ለማንም አይስጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ አስተላላፊ ድርጅት መስመሩን ለቀናት የዘጋው አጥቂዎች አገልግሎት ላይ ባልነበረ አንድ የቪፒኤን አካውንት ስለገቡ ነው። አካውንቱ ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። እርስዎ ሳይጠይቁ ስልክዎ ላይ «ይፈቀድ?» የሚል መልእክት ከመጣ እምቢ ብለው ወዲያው ለአይቲ ክፍሉ ያሳውቁ።

በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገውን ይንገሩኝ ካሉ፣ ዛሬ አድራሻዎቹን አስተያይና ከተመሳሰሉ የቤቱን ክልል እቀይራለሁ። ቀጥዬ የፒንግ ፈተናውን በቤት ዋይፋይና በሆትስፖት አድርጌ የሚያልፈውን ትልቁን ቁጥር ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ከዚያ ለአይቲ ክፍሉ «ቪፒኤን አይሠራም» ብዬ አልጽፍም፤ በዚያ ዓረፍተ ነገር ማንም ምንም ሊሠራ አይችልም። የቤቴን አድራሻ፣ ቪፒኤኑ የሰጠኝን አድራሻ፣ ሰርቨሩ በስምና በአድራሻ ሲሞከር የሆነውን፣ የፒንጉን ሁለት ቁጥሮች፣ የተቋረጠበትን ትክክለኛ ሰዓት፣ በሆትስፖት እንደሚሠራ ጽፌ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ መግቢያው ላይ ኤምኤስኤሱ እንዲወሰን፣ በየጥቂት ሰከንዱ የሚላከው ምልክትም እንዲበራ። ይህን የያዘ መልእክት የደረሰው ባለሙያ ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ቪፒኤኑ ጨርሶ ለማይገናኝላችሁ አንባቢዎች ከላይ ያለው አይመለከታችሁም። መጀመሪያ የላፕቶፑን ሰዓትና ቀን ተመልከቱ፤ ሰዓቱ ከተዛባ ሰርተፍኬቱ (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ማስረጃ) ተቀባይነት ያጣል። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረውን ኮድ የሚሰጣችሁ ስልክ ሰዓትም ትክክል መሆን አለበት። የሆቴል ዋይፋይ ከሆነ ብሮውዘር ከፍታችሁ የሆቴሉን ገጽ ሳታልፉ ቪፒኤን አይሞከርም። ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ቪፒኤን ላይ ቁጥር 691 የስም ወይም የይለፍ ቃል ጉዳይ ነው፤ 868 የሰርቨሩ ስም አልተገኘም ማለት ነው፤ 809 ደግሞ መንገድ ላይ የሆነ ነገር እየዘጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይፒሴክ የሚፈልጋቸው የዩዲፒ 500 እና 4500 ፖርቶች (ዳታ የሚያልፍባቸው ቁጥር የተሰጣቸው በሮች) ናቸው። እነዚህን የዘጋው የሌላ ሰው ኔትወርክ ከሆነ ልታስከፍቱት አትችሉም፤ በቲሲፒ 443 የሚሠራ አማራጭ መኖሩን አይቲ ክፍላችሁን ጠይቁ።

ወደ እርስዎ ስመለስ፣ አድራሻው ተቀይሮ፣ ስሙም ተተርጉሞ፣ ትልቁም ፓኬት አልፎ ፎልደሩ «ፈቃድ የለዎትም» ካለ ከዚያ ወዲያ የኔትወርክ ጉዳይ አይደለም። ከቤት ለሚገባ ሰው የተወሰኑ ፎልደሮችን ብቻ የሚከፍቱ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው። ያንን መፍቀድ የሚችለው የክፍል ኃላፊዎና አይቲ ክፍሉ ብቻ ነው፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ ያቅርቡ።